የደረቀችው ብልቃጥ

የሰኞው ስህተት የኔ ነበር። ይህን ሳላስቀድም የቅዳሜውን ባወራ ጉራ ይሆንብኛል።

የሺአረግ እባላለሁ፤ ጋምቤላ ከተማ በአንዲት አነስተኛ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የቀትሩ ሙቀት ከአርባ ሁለት ዲግሪ አልወርድ ብሎ ነበር። በጣቢያችን ነጭ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የአንደኛው ጫፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ከሥሩ ካለች ብልቃጥ ውሃ ይስባል። የሁለቱ ንባብ ከተቀራረበ አየሩ እርጥበት ጠግቧል፣ ነጎድጓድም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሰኞ ንባቡ አንድ ሆኖ አገኘሁት። እየሮጥኩ ጎረቤታችን ጋሽ ሱሩር ሱቅ ገባሁ። ቅዳሜ ልጃቸውን ሪድዋናን ይድራሉ፤ ባለቆርቆሮ ዳሳቸውን ገና ማቆማቸው ነበር። "ዛሬ ከባድ ነፋስ አለ፤ ቆርቆሮው ሰው ይጎዳል፣ ያስወርዱት" አልኳቸው። አምነውኝ አስወረዱት። አንዲት ጠብታ አልወረደም።

ሰፈሩ ሳቀብኝ። "የሺ፣ ዣንጥላሽን ያዢ" የሰላምታ ምትክ ሆነ። ማክሰኞ ብልቃጧን ባነሣት ደረቅ ናት። ፋሲካን አክስቴ ቤት በዶሮ ወጥ ስንደላቀቅ ውሃ መሙላቱን ረስቼዋለሁ። ጨርቁ ሲደርቅ ሁለቱም አንድ ዓይነት ያነባሉ። አፈርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ብልቃጧ ሙሉ፣ ጨርቁም እርጥብ ነበር፤ ንባቡ ግን ተቀራርቧል። የአየር ግፊቱ ይወርዳል። በደጋው በኩል ደመናው ሽቅብ ይቆለላል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው የትንበያ መልእክት "በአንዳንድ ቦታዎች" ይላል፤ አንዳንድ ቦታ የት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እንደገና በቆመው ዳስ ሥር ግን ሦስት መቶ ሰው ሊቀመጥ ነው።

"ጋሽ ሱሩር፣ እንግዳውን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያዛውሩት።"

"እንደ ሰኞው?"

"የሰኞው የኔ ጥፋት ነው። ፋሲካ ስበላ ብልቃጧ ደርቃብኝ ነበር፤ አፍሬ ደበቅኩ። የዛሬውን ራሴ ውሃ ሞልቼ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ነጎድጓዱ ከመምጣቱ ይልቅ እንዳይቀር ነበር የፈራሁት።

"እኔ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ሰማዩን ስረግም" አሉና ከእንግዶቹ መካከል ወደነበሩት ርዕሰ መምህር ዞሩ። "መምህር ዱዋል፣ የአዳራሹ ቁልፍ አለ?"

"ቁልፍ አለ። ወንበር የለም። ሁሉም ሰው የራሱን ይዞ ይሂድ።"

እንግዳው ወንበሩን ተሸክሞ፣ ወጥ ሠሪዎቹ ድስታቸውን ይዘው፣ ግማሹ እያጉረመረመ መንገዱን ተሻገረ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይ ናት። አንዱ ጮክ ብሎ "ዣንጥላ!" አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሮቹ በአንዴ ተላተሙ። በመስኮት ሳይ የዳሱ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ይበርራሉ፤ አንዱን በማግስቱ ባሮ ወንዝ ዳር አገኙት። ማንም አልተጫረም። ሴቶቹ ከዝናቡ ጩኸት በላይ እልል አሉ፤ እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሱሩር ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን ይዘው ጣቢያው መጡ። ብልቃጧ አንድ ሲኒ አትሞላም።

"በሚመጣው ፋሲካ የሣጥኑን ቁልፍ ለኔ ስጪኝ" አሉ። "እኔ በዚያ ቀን ዶሮ ወጥ የለብኝም፤ አልረሳም።"

ትርፍ ቁልፉን ያኔውኑ ሰጠኋቸው።