ለደጋፊዎች ብቻ

«ይሄን ካፖርት የሰፋው ሰው ሚስቱ ጥላው የሄደች ዕለት ነው የሰፋው» አሉ እናትየው ከመስኮቱ ሥር፣ የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ዋጠችው። ከሳቀች እጇ ይነቃነቃል፤ እጇ ከተነቃነቀ ደግሞ ቀረጻው ይበላሻል። ስልኩ ከጠረጴዛው በላይ፣ አምፖሉ የወለቀ የድሮ መብራት አንገት ላይ በላስቲክ ታስሮ ቁልቁል ያያል። የሚታየው አሥር ጣት፣ ምላጭ፣ መቀስና የተገለበጠ ካፖርት ብቻ ነው። የገበሩን ስፌት በምላጩ ጫፍ እየፈታች ብብቱ ጋ ደርሳለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እዪው እንጂ ክሩን! እዚህ ጋ ጥብቅ፣ እዚህ ጋ ልል። እዚህ ጋ ‹ትመለሳለች› እያለ ነው፤ እዚህ ጋ ‹ወደዚያ ትሂድ› እያለ ነው። ደግሞም አልተመለሰችም።»

«እሱንስ በምን?»

«ቁልፎቹን ራሱ ነው የተከላቸው። ሁሉም ጠማማ ናቸው።»

ይህቺን ተመልካቾቹ ይወዷታል፣ ስትል አሰበች። ወዲያው ማሰቧ ቅር አሰኛት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እናቷ አፋቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚሰማው በእሷ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ነው፤ እሷ እንደ ልጃቸው የምትሰማው ዘግይታ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነበር። አምና አንድ ቀን፣ የተቀደደ የሱሪ ጉልበት ስትጥፍ ወንድሟ ቀረጻት፤ ሙዚቃ ሊጨምርበት አስቦ ድምፁን ማጥፋት ረሳና እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። እናትየው ከኋላ ሆነው ስለ ሱሪው ባለቤት አቀማመጥ የሰጡት ሐተታ ሳይጎድል ተሰማ። ሰዉ ስለ አጣጣፉ አልጠየቀም። «ከኋላ የሚናገሩት ማናቸው?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ሳያጸድቁት የሚያልፍ ስፌት የለምና ተመልካቾቹ «ኮሚቴዋ» የሚል ስም አወጡላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ አያውቅም።

ለእናትየው የተነገራቸው ግን ያው የመጀመሪያው ቀን የተነገራቸው ነው፤ «እማዬ አታስቢ፣ ድምፁን አጥፍተን ሙዚቃ ነው የምናደርግበት።» ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲባል ከረመ። ልብስ ሰፊዋ የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር። ቢሰሙ ይቆጣሉ። የባሰው ደግሞ፣ ባይቆጡ ንግግራቸውን ማሳመር ይጀምራሉ።

የምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟ በሩ ላይ ብቅ አለ። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ጣቶቹ መካከል ሁልጊዜ አንድ የማይታይ ብሎን ያለ ይመስል ያሻሻቸዋል። አልገባም።

«እትዬ፣ አንዴ ውጪ ነይ።»

«ምንድን ነው ሹክሹክታው?» አሉ እናትየው። «ልትድሩኝ ነው? ጥርስ ከሌለው አልፈልግም በሉልኝ።»

ደረጃው ሥር ቆሙ። ወንድሟ ስልኩን አወጣ።

«ቪዲዮውን የምንለቅበት ገጽ ፈቀደልን» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ተመልካች በየወሩ በገንዘብ ሊደግፈን ይችላል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ለደጋፊዎቹ የምንሰጠውን ሽልማት መሙላት።»

«የምን ሽልማት? የሚደግፉት እነሱ ናቸው ወይስ እኛ?»

«ዝም ብሎ የሚሰጥ የለማ።»

«ዝም ብሎ ካልሰጠ ምኑን ደጋፊ ሆነ? ደንበኛ በለው።»

«እሺ፣ ደንበኛ።»

«ደንበኛማ ልብሱን ይዞ ይመጣል፣ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው ምን ይዞ ነው የሚሄደው?»

ወንድሟ መልሱ በእጁ ነበር። ስልኩ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሳያት። የመጀመሪያው ላይ በቪዲዮው መጨረሻ የደጋፊው ስም እንደሚጠራ ጽፏል። ሁለተኛው ላይ ደጋፊው ቪዲዮውን ከሌላው ሰው ቀድሞ እንደሚያይ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እንደምታደርገው እያንዳንዱን ገልበጥ አድርጋ ልታየው ሞከረች። ስም መጥራት ምን ክፋት አለው? ነገር ግን አንዲት ሴት አለች፤ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር የልጆቿን ልብስ እንዴት እንደጣፈች የምትጽፍላት። እሷ መክፈል አትችልም። ብትችል ኖሮ መቼ ትጥፍ ነበር? ስም ሲጠራ ቁጭ ብላ የሌላ ሰው ስም ልትሰማ ነው። የተጣፈ ልብስ የሚያይ ሰው አብዛኛው እንደሷ ነው። በሌላ በኩል ሰው ሁሉ አዲስ ሸሚዝ በርካሽ እየገዛ ያሮጌውን ኮሌታ ማስገልበጥ ትቷል፤ የቤቱ ባለቤትም ይህችን ባለ መስኮት ክፍል የሚፈልጋት ሰው እንዳለ ሁለት ጊዜ፣ በፈገግታ፣ ጠቆም አድርጓል።

ሦስተኛው ሳጥን ላይ፣ «ኮሚቴዋ፣ ሳይቆረጥ። ለደጋፊዎች ብቻ» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስሠራው እየቆረጥኩ የማወጣው አለ አይደል? አልጣልኩትም። ሁሉም አለ። ከሦስቱ የቱን ትመርጣላችሁ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሌሎቹን ዞር ብሎ ያያቸው የለም።»

«ሳትነግረኝ ጠየቅህ?»

«ብነግርሽ አንድ ወር ልታስቢበት ነው፤ አላውቅሽምና!»

«ምን ምን አለበት?»

«ሐሜት ነው። የጎረቤት አለ፣ ያንቺም አለ። አማች ሳይሆን የቀረ አማች ሁሉ አለበት።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ቀነስ አደረገ። «አንድ ግን አለ። እሱን ስሚው። እሱን ሰምቶ ደጋፊ የማይሆን ሰው ልቡ ድንጋይ ነው።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካላት።

መጀመሪያ የስፌት መኪናው ድምፅ ነበር፤ ቆመ። የራሷ እግር ወደ በሩ ሲሄድ ተሰማት፤ ራቅ ብሎ የደንበኛ ድምፅ። ከዚያ የቁልፍ ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ቁልፎች ወለሉ ላይ ሲበተኑ። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ እሷ የማታውቀው፣ ዝቅ ያለ፣ ለማንም ያልተነገረ።

«እምቢ አለ። ይሄ እጅ ቁልፍ እንኳ መያዝ እምቢ አለ።» ትንፋሽ። «በይ ዝም ብለሽ አውሪ እንግዲህ። ካወራሽ እንኳ ያለሽ ይመስላል። ሌላ ምን ቀረሽ።»

እግሮቿ ተመለሱ። የእናቷም ድምፅ ወደ ወትሮው ተመለሰ፤ «ሰውየው ከፈለ ወይስ እንደ ልማዱ መርቆ ሄደ?»

ይህችን የመጨረሻዋን ቀልድ ታውቃታለች። ወጥታለች፤ ሰዉ ስቆባታል። እሷም ስቃለች።

ማዳመጫውን አወጣች። ወንድሟ ፊቷን እያየ ነበር።

«እማዬን የሚያሳንስ ነገር አለበት?» አለ። «ይበልጥ ነው የሚወዷት።»

እውነቱን ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ልታስተባብለው ብትፈልግ የምትይዘው ጫፍ አጣች።

«እሷ ቢነገራት…» አለች።

«እትዬ፣ እኔም ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ግን ይህቺ ክፍል ከተወሰደችብን ምንድን ነው የምናደርገው? አንቺ መኪናሽን ይዘሽ ጓዳ ልትገቢ ነው። እማዬ መስኮት የላት፣ ደንበኛ የላት፤ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከግድግዳ?» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። አዎ ካልሽኝ እከፍተዋለሁ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። የካፖርቱን ጎን አጠበበች፤ እጅጌውን አሳጠረች፤ የተቆረጠውን ወደ ጎን አደረገች። ትንሽ ሰፍታ ትቆማለች፤ ትንሽ ሰፍታ ትቆማለች።

«ምነው መኪናው አኮረፈ?» አሉ እናትየው።

«ምንም አልሆነም።»

«ወንድምሽ ምን አለሽ?»

«ምንም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እማዬ፣ አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢሰጥሽ መልሰሽ ምን ትሰጪዋለሽ?»

«ማነው እሱ?»

«ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ የሚሰጥ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።» አሰቡበት። «አመሰግነዋለሁ። መልሼ ከሰጠሁትማ ሒሳባችንን ዘግተን ተለያየን ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። መልስ ያገኘች መሰላት። እናትየው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ዝም ብሎ መቀበልም ደግሞ ደስ አይልም። ሲቀበሉ መኖር ይከብዳል፣ ልጄ። አንገት ያስደፋል።» ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። «ምን አስጠየቀሽ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ያገኘችው የመሰላት መልስ ከእጇ ወጣ።

የካፖርቱ ባለቤት አስተማሪ ናት፤ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ መጣች። ለበሰችው፤ መስተዋቱ ፊት ዞረች፤ ጀርባዋን ለማየት አንገቷን አጠማዘዘች።

«እኔ ነኝ የከሳሁት ወይስ እሱ ነው ሰው የሆነው?» አለች።

«እሱ ነው» አሉ እናትየው። «ከሐዘኑ ወጣ።»

አስተማሪዋ አልገባትም፤ ቢሆንም ሳቀች።

«ቁራጩን ሰጠሻት?» ሲሉ እናትየው ልጃቸውን ጠየቁ።

ልብስ ሰፊዋ ከእጅጌውና ከጎኑ የተቆረጡትን ጠቀለለች፤ በክር አሰረች፤ የካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እናትየው በዚሁ መኪና ሲሰፉ ጀምሮ የዚህ ቤት ሕግ ነው። ከሰው ጨርቅ የተቆረጠ፣ አውራ ጣት የምታህልም ብትሆን፣ ተጠቅልላ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ከቁርጥራጩ ትራስ ይሞላሉ፤ ይህ ቤት ትራስ ሞልቶ አያውቅም።

አስተማሪዋ ኪሷን ዳበሰች። «ይሄን ምን ላደርገው ነው? ጣሉት እንጂ።»

«አንቺ ጣይው፣ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው። «እኛ መጣል አንችልም። ጨርቁ ያንቺ ነው።»

አስተማሪዋ ወጥታ ደረጃውን ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«እሺስ?» አለ ወንድሟ።

«ሦስተኛውን ሰርዘው።»

«ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ድጋፉ አይከፈትም። ሦስቱም መሞላት አለባቸው።»

«ሌላ ነገር ሙላበት።»

«ምን ልሙላ?»

ዙሪያዋን አየች። መቀስ፣ ሜትር፣ የክር ጥቅሎች፣ እናቷ። አንድም የምትሰጠው ነገር አልታያት።

«እንግዲያው ዛሬ አይከፈት።»

«ነገስ?»

«አላውቅም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አላውቅም። ያሰማኸኝን ለኔ ላክልኝና ካንተ ጋ አጥፋው።»

«እትዬ…»

«ላክልኝ አልኩህ።»

የተቀረጸው ድምፅ ወዲያው መጣ። ወንበሯን ስባ እናቷ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች፤ የራሷን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰካችላቸው።

«ዘፈን ነው?»

«ስሚው።»

እናትየው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት? ድምጿ ሸካራ። ምን ይሁን ነው የም…»

አቆሙ። ቆርቆሮው ጭናቸው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዱን እጃቸውን በሌላው ያዙት። ድምፁ እስኪያልቅ ሰምተው ማዳመጫውን አወጡ።

«ድምፁ ይጠፋል ብላችሁኝ አልነበር?»

«ጠፍቶ አያውቅም፣ እማዬ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ይሄን ሰው ሰምቶታል?»

«ይሄን የሰማን እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ሌላውን ግን ሰምተውታል።»

«የቱን ሌላውን?»

«የመረቀውን ሰውዬ። የሱሪውን ባለቤት። ሁሉንም።»

እናትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው የሚገፋውን ብስክሌት አቁሞ ጎማውን ይረግጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሰውየው ሦስት ነገር በተናገሩ ነበር።

«ሳቁ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሳቁ።»

«በኔ ነው ወይስ በነገሩ?»

‹በነገሩ› የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ቀላል ነበር። የጻፉላትን ሁሉ በልቧ አገላበጠች፤ የልብ ምልክቶቹን፣ ሳቆቹን፣ «ኮሚቴዋ ይኑሩልን» የሚሉትን።

«አላውቅም» አለች።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መቀበል ይሁን መቅጣት አልገባትም። ቆርቆሮውን ከፍተው ነጩን ከጥቁሩ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ መለየት ጀመሩ። አንዱ ከእጃቸው አመለጠ፤ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አላነሳችውም፤ እሳቸውም አንሺልኝ አላሉም።

ኮሌታው የሚገለበጥ አንድ ሸሚዝ ይጠብቃታል። ስልኩን ወደ ቦታው መልሳ ሸሚዙን ሥሩ ዘረጋችው፤ ምላጩንና መቀሱን አጠገቡ አስቀመጠች፤ የመብራቱን አንገት አስተካከለች። ጣቷን ወደ ቀዩ ነጥብ ሰደደች። በየቀኑ ይህን ትነካለች፣ ወዲያው ትጀምራለች። ዛሬ ጣቷ ከመድረሱ በፊት ቆመ።

«እማዬ፣ ድምፁ ይግባ ወይስ ይቅር?»

እናትየው የቆርቆሮውን ክዳን ገጠሙ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ መለስ፣ ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ጀመሩና ተዉት።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን መለሰች፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ መልሳቸውን መጠበቅ ጀመረች።