የተኛች ይመስላቸው ነበር

«እርስዎ እረፍት ባያዙላት ኖሮ ይህን ያህል ዓመትም አትቆይልንም ነበር» አለ ትልቁ ልጅ፣ ለቅሶ የመጡት እንግዶችም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትተኛ አልነበር? አቅም አልነበራትማ እናቴ።»

ሲስተር የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ጡረታ ከወጣች የቆየች ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ሲስተር ነው የሚላት። የተቀመጠችው በሩ አጠገብ፣ ደርሶ ሂያጁ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነው። ሶፋው ለሥጋ ዘመድ ነው። እዚያ ላይ የሟች የባል እህት፣ ቤተሰቡ አክስትየዋ የሚላት፣ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ምስኪን» አለች አክስትየዋ። «ልጆቼ እንዳለች፣ ለራሷ አንድ ቀን ሳትኖር ሄደች።»

ቤቱ ሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሟቿ ከተቀበረች ጀምሮ ይህን ሳይናገር የወጣ እንግዳ የለም። ሲስተር በሰማችው ቁጥር ተነስታ መውጣት ያምራታል። መጀመሪያ ሐዘን መስሏት ነበር። ኋላ ልብ ብላ ስታየው ንዴት ነው።

ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ በጊዜ ሞቶባት፣ ልጆቿን ያሳደገችው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው። ከሲስተር ጋር የተዋወቁት በዕድሜ ከገፉ በኋላ፣ የዓይን ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታነብ ነበር። ስሟ ሲጠራም አልሰማችም። ሲስተር ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እየተጠሩ ነው።»

«ይለፈኝ» አለች ቀና ሳትል። «ሰውየው አሁን ሊያዝ ነው።»

ሲወጡ መንገዳቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ሥራዋን ስትነግራት ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ሁለታችንም እንጀራችን መርፌ ነዋ። አንቺ ሰው ስትወጊ፣ እኔ ጨርቅ ስወጋ። የኔው ግን አያለቅስም።» ለመለያየት ሲቃረቡ መጽሐፉን አውጥታ አስያዘቻት። «ጨርሼዋለሁ። ውሰጂው። ሰውየውን እንዳትወጂው ግን፣ ያናድድሻል።»

ሲስተር እስከዚያ ቀን ድረስ ከመድኃኒት ወረቀት ሌላ ረጅም ነገር አንብባ አታውቅም። ያንን መጽሐፍ ጀምራ ሰውየውን ወደደችው፤ እንደተባለውም አናደዳት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በቦርሳቸው መመላለስ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ መጽሐፍ ስትመርጥ ስለምን እንደሆነ አትናገርም። ልብስ እንደምትለካ ሁሉ አንባቢውን ነው የምትለካው። «ይሄ ላንቺ አሁን ይጠብሻል፣ ትንሽ ይቆይ» ትላለች። «ይሄንን ደግሞ ከሰው ተጣልተሽ ስትገቢ አንብቢው።» አንዴ ሲስተር በጣም የወደደችውን መጽሐፍ ልብስ ሰፊዋ «ውሸታም ነው፣ ማንም እንዲህ አያለቅስም» ብላ መለሰችላት። ተኳረፉ። ሰላም ሳይባባሉ ሰነበቱና፣ አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሲስተር ቤት በር ላይ ቆመች። «መጨረሻው ላይ ያለው ለቅሶ ግን እውነት ነው» አለች፣ እንደ ይቅርታ።

ችግሩ ጊዜ ነበር። ያኔ ዩኒፎርም መስፋቱን ትታለች፤ የምትኖረውም ራሷ ሰፍታ ባሠራችው ቤት ከሴት ልጇ ጋር ነው። ለማንም ሳትደብቅ ሳሎን ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። ገጽ ሳትገልጥ ትልቁ ልጅ ሱሪ ይዞ ይመጣል። «እማ፣ ሥራ ከሌለሽ ይቺን አሳጥሪልኝ።» ሴት ልጅዋ ሕፃን ታስይዛታለች። አክስትየዋ ትመጣና «ዛሬም ሥራ ፈትተሽ?» ትላለች። እነሱም እንዲያነቡ ለመነቻቸው እንጂ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ አንድ መጽሐፍ ለልጇ «ይሄ ላንተ ነው፣ ልክህ ነው» ብላ ሰጥታው ነበር። መጽሐፉ የልጁ መኪና የኋላ መስታወት ሥር ከርሞ ፀሐይ ቆላው።

«ለተኛ ሰው በእግራቸው ጣት ነው የሚሄዱት» አለች አንድ ቀን ለሲስተር። «ለሚያነብ ሰው ግን ሱሪ ያመጣሉ።»

ያን ቀን ነው ሲስተር ስልኩን አንስታ ለትልቁ ልጅ የደወለችው። በሥራ ላይ ሳለች በምትናገርበት ድምፅ፣ የእናቱ የደም ግፊት ከፍ ማለቱን፣ ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ ማረፍ እንዳለባት፣ ማንም መግባት እንደሌለበት ነገረችው። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሳቋን በመሐረብ አፍና ነበር። ቤተሰቡ ትእዛዙን አከበረ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ቀን፣ ድንገት ልቧ ቀጥ እስካለበት ጧት ድረስ፣ ከሰዓት ከሰዓት የራሷ ነበር።

ሐዘኑ በሚያበቃበት ቀን ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ሳለ ትልቁ ልጅ ተነስቶ ስለ እናቱ ተናገረ። ከልቡ ነበር የሚናገረው፣ ድምፁም ተሰበረ። ስለ ልብስ መስፊያው መኪና ተናገረ፣ ስለ ደግነቷ ተናገረ። «ለራሷ ኖራ አታውቅም» ብሎ ጨረሰና ወደ በሩ ዞረ። «ሲስተር ደግሞ ስለ ሕመሟ ሁለት ቃል ይበሉን።»

ሲስተር ተነሳች። ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ሕመም አልነበረባትም» አለች። «ግፊቷ ከኔ የተሻለ ነበር። ያ ትእዛዝ ውሸት ነው፤ እኔና እሷ ቁጭ ብለን የፈጠርነው። ከምሳ በኋላ ተኝታ አታውቅም። ታነብ ነበር።»

ትልቁ ልጅ ያልሰማ ይመስል ፈገግ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ለምንድነው ከኛ የምትደብቀው? እኛ ማንበብ እንከለክላት ነበር?»

«አትከለክሏትም። ሱሪ ታመጡላት ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው። አክስትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?» አለች።

«የት ይወራ ታዲያ? ከዛሬ በኋላ ስለሷ ተሰብስባችሁ የምታወሩት የት ነው?» የሲስተር ድምፅ ከፍ አላለም። «ለራሷ አልኖረችም ትላላችሁ፤ ያውም እንደ ምስጋና። ኖራለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ በሯ ጀርባ፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ኖራለች። ታማሚ ነኝ ብላ ነው ጊዜዋን ያገኘችው። እናንተ አሁን ያቺኑም ወሰዳችሁባትና ደካማ አደረጋችኋት። ደካማ አልነበረችም። መጽሐፍ የምታማርጥ፣ ከኔ ጋር የምትጣላ፣ የማይረባውን ወርውራ የምትነሳ ሴት ነበረች። ይህን ሳትሰሙ ብትበተኑ እኔ ቤቴ ገብቼ መተኛት አልችልም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ውጭ ልትወጣ ስትል የሟቿ ሴት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ልጆቹን ‹ዝም በሉ፣ አያታችሁ ተኝታለች› እላቸው ነበር።»

«እሱማ ጠቅሟታል» አለች ሲስተር፣ ትንሽ ለስለስ ብላ።

ልጅቷ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች። ሲስተር የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መደርደሪያ አሳየቻት። የተጣጠፈውን ቁራጭ ጨርቅ ሲያነሱት መጽሐፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታወጣቸው ጀመር። አንዱን ገለጥ አድርጋ ጥቂት መስመር አነበበችና በለመደ አፏ «እኔ እንኳ ጊዜም የለኝ» አለች።

«እሷም አልነበራትም» አለች ሲስተር። ንዴቷ ገና አልበረደም።

ልጅቷ አልተከፋችም። ተነስታ ከትራሱ ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣች። መሐሉ ላይ ሰማያዊ የስፌት ክር ገብቶበታል። «ይሄንን እርስዎ ይውሰዱት።»

ሲስተር ሽፋኑን አየችው። ልብስ ሰፊዋ «ስጨርሰው እሰጥሻለሁ» ብላት ነበር፤ እንደ ልማዷ ስለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። «አልጨረሰችውም እኮ» አለች። ተቀብላም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ትልቁ ልጅ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። «እንግዶቹ ሊሄዱ ነው» አለ እህቱን። ፊቱ እንደጠቆረ ነው። እህቱ ግን አልተነሳችም፤ እሱም አልሄደም።

ሲስተር መነጽሯን አደረገችና ክሩ ካለበት ገለጠች። ከገጹ አናት ጀምራ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈች፣ በኋላ ግን ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው መስመር። ሁለቱ ልጆች አዳመጧት። ገጹ ሲያልቅ ክሩን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ሳበችና ወደሚቀጥለው ገጽ አሻገረችው።