የልብስ ሰፊው እግር

ልጅቷ ነርስነትን ከዓለም አቀፍ የሕብረተሰብ ጤና ጋር አጣምራ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሲሰሙት ያኮራል፤ ኑሮው ግን ሌላ ነው። የነርስ ተማሪዎቹ መርፌ ሲለማመዱ እሷ የወረርሽኝ ስሌት ክፍል ውስጥ ናት፤ የሕብረተሰብ ጤናዎቹ ተሰብስበው ሲያጠኑ ደግሞ ዋርድ ውስጥ ሙቀት ትለካለች። እነዚያ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፣ እነዚህ «ሲስተር»። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና ምሳዋን ካፍቴሪያው ጥግ ስልኳን እያየች ትበላለች። እናቷ ደውላ «ጓደኞችሽ ደህና ናቸው?» ስትላት «ደህና ናቸው» ትላለች። የትኞቹ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መምህራቸው ለእያንዳንዱ ተማሪ ሃያ ሃያ ቤት አደሉ፤ በር እያንኳኩ መጠይቅ መሙላት ነው ሥራው። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። የክፍሉ ቁጥር ጎዶሎ ስለነበር እሷ ብቻዋን ቀረች።

አሥራ ሦስተኛው ቤት የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ ወንበር አመለከቷት።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል፣ አባባ?»

«አራት ብለሽ ጻፊ።»

ዞር ዞር ብላ አየች። አንድ አልጋ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ብርጭቆ።

«ሦስቱ የት ሄዱ?»

«ሚስቴ አፈር ገባች። ልጆቹ እግራቸው ወዳደረሳቸው ሄዱ። አንድ ብለሽ ብትጽፊስ ማን ደስ ይለዋል?»

ሳቀች። ከሰው ጋር ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

ስለ ውሃ መጠየቅ ስትጀምር አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካው፤ ከዋርድ የምታውቀው ሽታ።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለብህ ይሉኛል። ጣፋጩን ግን አላየሁትም።»

«እስቲ የቀኝ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

«እሱም ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም። እባክዎ።»

ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። በውሃ እያራሰች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ከአውራ ጣታቸው ሥር የተሰበረ የልብስ መርፌ ተሰክቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄን ሳምንት ሙሉ ስፈልገው!» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ሳያመኝ?»

መርፌውን አልነካችውም። እግሩን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰቻቸው፤ እስኪመሽም ወረፋ አብራቸው ጠበቀች። ሁለት ጣት ተቆረጠ። እግሩ ተረፈ።

በማግሥቱ መምህሩ ወረቀቶቿን ቆጠሩ። «አሥራ ሁለት ተኩል? ሃያ አልነበረም እንዴ?»

የሆነውን ነገረቻቸው። ወረቀቶቹን አስቀመጡና «ጓደኞችሽ ስንት በር ገብተው ወጥተዋል» አሉ። «ስንት እግር አልፈው ይሆን?» መጠይቁ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን እንዲያሳይ ይጠየቅ። ተማሪዎቹ ያንኑ ሰፈር እንደገና ሲዞሩ ስምንት ቁስል ተገኘ። ያን ቀን ሁሉም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው ሄዱ።

እሷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ወደተኙት ልብስ ሰፊ ትሄድ ጀመር። የጋውኗን ቁልፍ አይተው «ይሄን የሰፋው ሰው ተጣልቶ ነው የዋለው» ይሏታል፤ እሷም ስለ ውሎዋ ታወራቸዋለች። ለማንም ያላወራችውን ያህል አወራች።

በዘጠነኛው ቀን ስትደርስ አልጋው ባዶ ነው። ደነገጠች።

«ኧረ ደህና ናቸው!» አለች የዋርዱ ነርስ። «ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ሌላ ከተማ ነው መሰለኝ የምትኖረው።»

«ለእኔ ያሉት ነገር አለ?»

«ቸኩለው ነበር እኮ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም አላት። ግን ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ለዚህ አልጋ ሌላ ታካሚ እየመጣ ነው» አለች ነርሷ፤ አንሶላ አቀብላት ወደ ሌላው ክፍል አለፈች።

ልጅቷ ተነሳች። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ፣ አልጋውን እየዞረች ብቻዋን አነጠፈችው።