ከጡሩምባዋ አጠገብ የተኛችው

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል የልብስ ሰፊዋ የእንሽርት ውሃ ፈሰሰ። አንሶላው ላይ ያየችው ቀለም እንደ ደህና ውሃ ጥርት ያለ ሳይሆን አረንጓዴ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትለይ የኖረች ሴት በቀለም አትሳሳትም። መውለጃዋ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከእሁድ ወዲህ ደግሞ ልጁ እንደ ልማዱ አይራገጥም።

ይህን ሁሉ ለአዋላጇ ነግራታለች። ችግሩ የነገረችበት ድምፅ ነው። በባሏ ቤት ሴት በምጥ አትጮህም። አማቷ ያን ሁሉ ልጅ ሲወልዱ ጎረቤት እንኳ አልሰማም ይባላል። ያን ቀንም ራስጌዋ ቆመው ላቧን እየጠረጉ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይሏታል። እሷም ጥርሷን ነክሳ፣ ደንበኛ እንደምታነጋግር ቀስ ብላ፣ "ሲስተር፣ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ልጁም ዝም ብሏል" አለች።

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አለች አዋላጇ እየሳቀች። "አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ገና ነሽ።"

አዋላጇ ክፉ አልነበረችም። ክፍሉን ሙሉ ብቻዋን ይዛ ጩኸት ወደሰማችበት ትሮጣለች። እዚያ ቤት ወረፋ የሚያዘው በጉሮሮ ነበር። ከሰፊዋ አጠገብ የተኛችው፣ ሁሉም "ጡሩምባዋ" የሚሏት ሴት፣ ባሏን፣ የባሏን ዘመዶችና ጣሪያውን ሳይቀር ትራገማለች። የእሷ ልጅ የልብ ምት በየጊዜው ይደመጣል። ሰፊዋን ግን "አይዞሽ" ብለዋት ያልፋሉ።

በመጨረሻ ነገሩ ለጡሩምባዋም አልዋጥ አላት። ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ "ኧረ እሷንም እያት!" አለች። "እኔ እኮ መጮህ ልማዴ ነው። የሷ ፊት አመድ መስሏል።"

አዋላጇ ራስሽን ቻይ አለቻት። ከመሸ በኋላ መጥታ የሰፊዋን ሆድ ስታደምጥ ግን ሳቋ ጠፋ። ሐኪሙን ጠራች፤ ጥድፊያ ሆነ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አላለቀሰም። በእጅ አየር እየነፉለት ብዙ ቆይቶ ተነፈሰ፤ ሌሊቱን ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

በማግስቱ ሐኪሙ የልጁ አንጎል አየር አጥቶ መቆየቱን ነገራት። ከዚያ ይጠይቃት ጀመር። ቀንሽ አልፎ ነበር? አዎ። እንቅስቃሴው ቀንሶ ነበር? አዎ። ውሃውስ? አረንጓዴ።

"ከነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ቢታወቅ የልቡን ምት ደጋግመን እናደምጥ ነበር። ለምን አልተናገርሽም?"

"ተናግሬያለሁ።"

ሐኪሙ ወደ አዋላጇ ዞረ። እሷም መሬት መሬቱን እያየች፣ ጸጥ ስትል ደህና መስላኝ ነው አለች።

ሰፊዋ የትኛውን ትውቀስ? አዋላጇን? ወረፋውን? ወይስ የገዛ አፏን? ይህን ስታብሰለስል ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶች ተሰበሰቡ። አማቷም ያጽናኗት መስሏቸው፣ ትንፍሽ ሳትል ነው የወለደችው፣ ጨዋ ልጅ እኮ ናት ይሉ ጀመር።

"እማማ፣ ይቺን ቃል ሁለተኛ አያንሷት!"

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። አማቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ልጁ አርብ ጠዋት ሞተ። በሁለተኛው ዓመት ሰፊዋ ሴት ልጅ ወለደች፤ ለመውለድ የመጣች ቀን ገና ከሆስፒታሉ በር ጀምራ እየጮኸች ነበር የገባችው፤ አማቷም አብረዋት ይጮኹ ነበር።