የሀያቱ በርበሬ እና የፌስቡኩ ፎቶ

ስልኩ የተደወለው በ2008 ዓ.ም. ህዳር መግቢያ ላይ፣ የበርበሬው ሰሞን ገና መሞቅ ሲጀምር ነው። ሀያቱ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ካለችው ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ የበርበሬ ዛላ ትቀነጥስ ነበር። ደዋይዋ አደይ ናት፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ እየመጣች የዓመት በርበሬዋን ከሀያቱ ብቻ የምትገዛ፣ ለጎረቤቶቿም ጭምር ጭና የምትሄድ ደንበኛ።

«ሀያቱ እህቴ፣ የዘንድሮው ይቅርብኝ» አለች አደይ።

«ምነው? በሰላም?»

«በሰላም ነው። ልዋሽሽ ግን አልፈልግም። ፌስቡክ ላይ አየሁሽ። ሱቅሽ ነው፣ አንቺም በሩ ላይ ቆመሻል። ጡብ ፈጭተው ከበርበሬው ይቀላቅላሉ ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ፌስቡክ ነዋ።»

ሀያቱ ስልኩን ዘግታ የያዘችውን ዛላ ሳትቀነጥስ ወደ ጆንያው መለሰችው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንደወትሮው ያልመጡትን ደንበኞቿን አንድ በአንድ አሰበች። መንገድ ይዟቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብላ ነበር።

ማታ ለባሏ ለኡበይድ ነገረችው። በርበሬዋን የሚፈጨው እሱ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ከሱቋ ጀርባ ነው። ስለዚህ ስሙ ባይጠራም ጡብ ፈጩ ሲባል እሱም አብሮ ተነክቷል።

«ዝም በይው» አላት። «ወሬ እንደ ጉም ነው፤ ራሱ ይበናል።»

«ጉሙ እስኪበን የእኔ በርበሬ ይሻግታል። ደግሞ ፌስቡክ ሰው አይደለም፤ እጅ የለውም። የጻፈው ሰው አለ። እሱን አገኘዋለሁ።»

ሀያቱ ስድስተኛ ክፍል እንደደረሰች ነው የተዳረችው። ማንበብ ትችላለች፤ ግን ጣቷን ፊደሉ ላይ እያሳለፈች፣ ቀስ ብላ ነው። ስልኳም ባለቁልፍ ነው፤ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ሥራ የለውም። በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ወዳለው ወደ ቴዲ ሄደች። ቴዲ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ፎቶም የሚያነሳ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ፌስቡክን አሳየኝ» አለችው።

ቴዲ ፈልጎ አገኘው። የጤና ምክር የሚሰጥ ገጽ ነው። ሀያቱ ቀይ ሻሽ አስራ፣ አረንጓዴው በሯ ላይ ቆማ ትስቃለች። ከሥሯ «ወገን ተጠንቀቅ! የምትበላው በርበሬ ነው ወይስ ጡብ?» ተብሎ ተጽፏል። ቴዲ ጽሑፉን አነበበላት። ከዚያ ፎቶውን አቅርቦ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ምን ሆንክ?»

«እትዬ ሀያቱ… ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት። የከተማችን ገበያ ብዬ በራሴ ገጽ ለጥፌው ነበር። ክፉ አላሰብኩም፤ አምሮብዎት ነበር።»

«ሳትጠይቀኝ?»

ቴዲ አንገቱን ደፋ። ሀያቱ ተነስታ ልትወጣ በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋችው።

«እንግዲያው የምታስተምረኝ አንተ ነህ። ይህ አውራ ጣት ምንድን ነው?»

«ላይክ ይባላል። ወደድኩት ማለት ነው።»

«ሰው ጡብ በላ ሲባል ስድስት መቶ ሰው ወደደው?»

«ሁልጊዜ መውደድ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ አይቻለሁ ለማለት ነው የሚጫነው።»

«ታዲያ አየሁ አይልም? ይሄኛውስ?»

«ሼር ነው። አንዱ ያየውን ለሌላው ሲያስተላልፍ። ሁለት ሺህ ሰው አስተላልፎታል።»

ሀያቱ ቁጥሩን ደግማ አየችው። የቡታጅራ ገበያ ሲሞላ እንኳ ያን ያህል ሰው በሱቋ በር አያልፍም።

በዚያው ሳምንት ስማርት ስልክ ገዛች። ቴዲ በስሟ ፌስቡክ ከፈተላት። ሱቁ ሰው ሲጠፋበት፣ እሷ ከጽሑፉ ሥር የተሰጡትን ኮሜንቶች ታነብ ጀመር። አራት መቶ ናቸው። አንዱ «ይታሰሩ» ይላል፣ አንዱ «እኔም ሆዴን አሞኝ ነበር» ይላል፣ አንዱ ስለ ኳስ ይጽፋል።  አንዱንም አልዘለለችም። በሦስተኛው ቀን ከታች አካባቢ አንድ መስመር አገኘች፤ «ሚስጥርዬ የቡኢዋ ጀግና፣ በርቺልን!»

ገጹ የቡኢ ሰው፣ ሚስጥር የምትባል ሴት ነው ማለት ነው። ሀያቱ ሱቋን ዘጋች። ከበርበሬዋ አንድ ላስቲክ ቋጥራ የቡኢ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ቡኢ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሚስጥርን ለማግኘት የጠየቀችው ሁለት ሰው ብቻ ነው። መንገድ ዳር ካለ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ትሠራለች።

«አሰላሙ አለይኩም። ሚስጥር አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ይግቡ እናቴ። ሊሠሩ ነው?»

«አይደለም። ታውቂኛለሽ?» ሀያቱ ቀይ ሻሿን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥሎ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ደንበኛዋም በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን አፈራርቃ ማየት ጀመረች።

«እኔ እኮ…» አለች ሚስጥር። «ጽሑፉን ሰው ልኮልኝ ነው። ፎቶ አልነበረውም። ጎግል ላይ የበርበሬ ገበያ ብዬ ፈለግሁና መጀመሪያ የመጣውን አደረግሁበት። ሰው እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው።»

«ከማን? ከእኔ?»

ሚስጥር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስልኳን አወጣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«እንዳትነኪው!» ሀያቱ እጇን ያዘቻት። «አንቺ ብታጠፊው ያየው ሰው ከልቡ ይጠፋለታል? እዚያው ላይ ጻፊ። ፎቶው የሰው ነው፣ ሴትየዋን አላውቃትም፣ በርበሬዋንም ቀምሼ አላውቅም በይ። ስምሽንም ጻፊ።»

ሚስጥር ጻፈች። ሀያቱ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያሳለፈች እስከ መጨረሻው አነበበች። የቋጠረችውን በርበሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። «አሁን ቅመሺው» አለቻትና ስልክ ቁጥሯን ተቀብላ ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ቴዲ የእርማቱን ቁጥር አሳያት። ሠላሳ ሰባት ሰው አይቶ ወዶታል፤ ያስተላለፈው አራት ሰው ነው። የቀድሞው ግን አሁንም በሌሎች ገጾች እየዞረ ነበር።

«እርማት እንዲህ ነው» አላት ቴዲ። «እንደ ወሬው አይሄድም።»

ኡበይድም ይህን ሲሰማ «ብዬሽ ነበር» አላት። ሀያቱ ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች። አመሻሹ ላይ ግን ለሚስጥር ደወለች፤ «ለገበያው ቀን ነይ። ቪዲዮ የምታነሺው አንቺ ነሽ። ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው።»

ሚስጥር መጣች። ሀያቱ ዛላውን ከጆንያው ስትዘረግፍ፣ ስትቀነጥስ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ስታዋህድ ቀረጸቻት። ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ኡበይድ ፊቱን አዞረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ድንጋዩን ከፍቶ ለካሜራው አሳየ። «ሃያ ዓመት ፈጭቻለሁ» አለ ሳያስበው ድምፁ ጎላ ብሎ። «ጡብ ይህን ድንጋይ በአንድ ቀን ይበላዋል። የሚጠራጠር ይምጣና ይክፈተው!»

ቀጥሎ ሀያቱ ከሱቋ ፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠች። በአንዱ በርበሬዋን ጨመረች። በሌላው ከበርበሬው ጋር አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ጡብ። ገበያተኛው ከቦ ቆመ። ውሃውን ስታፈስ ከሁለተኛው ብርጭቆ ሥር እንደ አሸዋ ያለ የጡብ ብናኝ ቀረ። ከመጀመሪያው ሥር የቀረው የላመ ቀይ ዱቄት ነው። አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ዳስሰው «ይህ ይሻክራል፣ ይህ አይሻክርም» ብለው ጮኹ። ሰው ሳቀ።

ቪዲዮውን ሚስጥር በዚያው በጤና ገጿ ለጠፈችው። ይኸኛው ሄደ። ስድብም ይዞ መጣ፤ «ለካሜራ ሌላ፣ ለሽያጭ ሌላ» የሚል ብዙ ነበር። ሀያቱ ለእያንዳንዱ መለሰች። በጣቷ ፊደል እየፈለገች፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል፤ «ሱቄ ቡታጅራ ነው። ና እና ራስህ ምረጥ፣ ዓይንህ እያየ ይፈጫል።» አንዳንዶቹ የምር መጡ። ያልተመለሱ የድሮ ደንበኞችም አሉ፤ እስከ ዛሬ አልመጡም።

አደይ በታህሳስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈራች።

«አፈርኩብሽ፣ ሀያቱ።»

«ለምን ታፍሪያለሽ? አንቺ እኮ ደውለሽ ነገርሽኝ። ሌሎቹ ዝም ብለው ነው የቀሩት። አንቺ ባትነግሪኝ እስካሁን መንገድ ይዟቸው ነው እያልኩ እቀመጥ ነበር። ግቢ፣ ዛላውን ምረጪ።»

በጥር አንድ ጠዋት ሌላ ስልክ ተደወለ። ከማረቆዋ ከተማ ከቆሼ ነው፤ ደዋይዋ ዛላውን የምታመጣላት ገበሬ አሚኔ ናት። በእነሱም ላይ አንድ ነገር ተጽፏል አሉ፤ ዛላውን ቀለም ውስጥ ይነክራሉ የሚል። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸዋል።

«ማን እንደጻፈው አንብባችኋል?» አለች ሀያቱ።

«ማን ያነባል? እኛ ፌስቡኩን የት እናውቀዋለን?»

«የጻፉትን አጥፉት እንዳትሏቸው። ደግሞ ማንም መልስ ነው ብሎ እንዳይሳደብ። ዛላውን ፀሐይ ላይ አስጡና ጠብቁኝ።»

ሀያቱ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች። ለኡበይድ ሱቁን እንዲጠብቅ ነገረችው። ባትሪው እስኪሞላ ለሚስጥር ደውላ፣ የቆሼ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ነገረቻት።