የኩባያው ጆሮ

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ እናት። እንዴት ሰማሽ?» አሏት ሴቶቹ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ እየለቀቁላት።

ልጅቷ ምንም አልሰማችም። የመጣችው ውሃ ልትጠጣ ነው። በር ላይ ለመንገደኛ ከተቀመጠው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ እንስራ፣ ሁለት ጣሳ ገልብጣ ሦስተኛውን ስትቀዳ አንዷ ክንዷን ይዛ ድንኳኑ ስር አስገባቻት። ሌላዋ ሻይ አስጨበጠቻት። የሁለት ቀን መንገድ እግሯ ላይ አለ፤ በዚህ ላይ በማታውቀው አገር፣ በአማርኛ «አይዞሽ» ሲሏት ጊዜ አልቻለችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ለቀቀችው።

እንዲህ ያለ ለቅሶ በሟቹ በጋረደው ሀዘን ላይ እስካሁን አልተለቀሰም። ባለቤቱ ሙሉወርቅ እንኳ፣ ረቡዕ ወባ ባሏን ከነጠቃት ጀምሮ ድምፅ አላወጣችም። አሁን ከማዶ ሆና ልጅቷን አየቻት። ወጣት ናት። መልከ መልካም ናት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ የጋረደው ሰልስት የዋለው አርብ ቀን ነው።

«ረሒማ፣ ይቺ ማናት?» አለች በሹክሹክታ።

«የእናንተ ዘመድ መስላኝ» አለች ጎረቤቷ ረሒማ።

«ምኑን አውቄያት እቴ!»

ረሒማ ዝም አለች። ገበያ ላይ ጨርቅ ስትሸጥ ድምጿ ጎረቤት ከተማ ሾዋክ ድረስ የሚሰማው ረሒማ ዝም ካለች፣ ነገሩ ጥሩ አይደለም ማለት ነው። የአርቡን ጉዳይ እሷም ታውቀዋለች።

ጋረደው ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። ሥራ በማይገባበት አርብ፣ ምሳውን በልቶ ይወጣል። «የት ነው?» ስትለው «እግሬን ላፍታታ» ይላታል። በሱዳኗ ገዳሪፍ ፀሐይ፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ እግሩን የሚያፍታታ ሰው ከሱ በቀር አልታየም። አንድ ቀን ሸሚዙን ስታጥብ እጅጌው ላይ ቀይ የሻይ ኩባያ የተሳለበት ስቲከር ተለጥፎ አገኘች። «የሥራ ነው፤ ተበላሽቶ የታተመ» አላት። ሆዷ ግን አልተቀበለውም። አሥራ አንድ ዓመት አልተቀበለውም።

ረሒማ መታገሥ ስላልሆነላት ተነስታ ሄደች። «እህቴ፣ ጋረደውን ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ጋረደው ማነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ሟቹ ነዋ!» አለች ረሒማ።

ልጅቷ ብድግ አለች። ፊቷ ቀላ። «ወይኔ! ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ኤልሳ እባላለሁ፤ ከመተማ ነው የመጣሁት። ውሃ ፈልጌ… ኩባያውን ተከትዬ ነው።»

«የምን ኩባያ?»

«ቀዩን ነዋ፣ ስቲከሩን። መተማ ላይ አንዲት ሴት ‹ገዳሪፍ ስትወርጂ ቀይ ኩባያ ፈልጊ፣ ጆሮው ወደዞረበት ሂጂ› አለችኝ። መናኸሪያው ምሰሶ ላይ አገኘሁት፤ በሞባይል ካርዱ፣ በኳስ ቡድኑ፣ በዱዓው ስቲከር መሀል። ቀጥሎ ባትሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ። ከዚያ ራክሻ የሚሏቸው ባጃጆች የሚቆሙበት ጋ። የመጨረሻው እናንተ በር ላይ ነው።»

ሙሉወርቅ ተነስታ ወጣች። ከዚሩ በላይ፣ በበሩ ጉበን ላይ፣ ፀሐይ ያነጣው ኩባያ አለ። ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ የሰፈር ልጆች የለጠፉት ይመስላት ነበር። ዚሩን በየጠዋቱ የምትሞላው እሷ ናት፤ ዛሬም በሀዘን ልብሷ ሞልታዋለች። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ፣ ከካርቱም የተፈናቀለውም ተጨምሮ፣ ቀን ሳይጋመስ ያልቃል። «ከተማው ሁሉ ከእኛ ዚር ነው እንዴ የሚጠጣው?» ስትል፣ ጋረደው ፊቱን አዙሮ «ሙቀቱ ነው» ይላት ነበር።

«የመናኸሪያው የቱ ምሰሶ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ዞር ሳትል።

«መውጫው ጋ፣ የዛገው። ከታች ነው የተለጠፈው። ደክሞኝ መሬት ቁጭ ባልል አላየውም ነበር።»

ሙሉወርቅ በሩን ተደገፈች። ያን ምሰሶ ታውቀዋለች። ገዳሪፍ የገቡ ቀን፣ ቋንቋ የለ፣ ዘመድ የለ፣ መናኸሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረው እዚያ ስር ተዘርፍጣ ነበር። «ውሃ፣ ውሃ» ስትል አንድ መንገደኛ የራባት መስሎት ደረቅ ዳቦ ሰጣት። ዳቦውን ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ማታውን ጋረደውን አስማለችው፤ «ይቺን ቀን እስክሞት እንዳታነሳብኝ።»

በአፉ አላነሳትም፤ አርብ አርብ በእግሩ እንጂ።

«ተመስገን» አለች። ደግማ አለችው። ከዚያ የሦስት ቀኑ ለቅሶ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ሴቶቹ ሊይዟት ሲሮጡ ገፍታቸው ኤልሳን አቀፈቻት። «ጠጣሽ? በደንብ ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለሱ በይ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ገብታ የሥራ ካፖርቱን ኪስ ፈተሸች። ቀይ ኩባያዎች፣ ግማሾቹ ጠርዛቸው ጠማማ፣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንዱን ልጣ፣ ወጥታ በሩ ላይ በነጣው ኩባያ ላይ ለጠፈችና በመዳፏ ረጅም ጊዜ ደገፈችው፤ ትኩሳቱን እንደምትለካ።

ረሒማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች። «ሙሉዬ፣ አዞርሽው እኮ። ጆሮው ወደኔ በር ነው የሚያሳየው።»

ሙሉወርቅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«አውቄ ነው። ያንቺ ዚር ከረመዳን ወዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ ከነገ ጀምሮ ትሞይዋለሽ።»