የፈረሰው ቤት እንጨት ማከማቻ

በ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ ፎገራ ሲደርስ እኔ ያየህ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ድቁናዬን ትቼ ማኅተም የያዝኩ ሰው ስለሆንኩ ኩራት ቢጤም ነበረችብኝ። ሰው ቤቱን አፍርሶ በአዲሱ መንደር እንዲሠራ ታዘዘ፤ የእኔ ቤት እዚያው ዳር ላይ ስለነበር ተረፈ። ለእያንዳንዱ ፈራሽ ቤት አንድ ቅጽ መጣ። የአባወራውን ስም፣ የምሰሶውን፣ የወራጁንና የማገሩን ብዛት ሞላሁ። «የእንጨት ማከማቻ ቦታ» የሚለውን ግን በሁሉም ላይ ባዶ ተውኩት። በእኛ ሜዳ ክረምት ሲቃረብ እንጨት የሚከመረው ሚካኤል ጉብታ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ልገምት?

ነበረ። ካድሬው ይልቃል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሰው የማይቆጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ መመሪያውን ግን እንደ ዳዊት ይደግማል። መመሪያው «ቦታ ያልተጠቀሰ እንደሆነ በመንደሩ መሀል ይከማቻል» ይላል። የመንደሩ መሀል ደግሞ ርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃው መጀመሪያ የሚተኛበት ረባዳ ነው።

እንጨቱ እዚያ ተከመረ። ባላቸው የሞተባቸውና ከዚያ ክምር ሌላ ቤት የሚባል ነገር ያልቀራቸው እትዬ ወለተ ሐና ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አንተ ያየህ፣ ያ ቦታ ውሃ የሚተኛበት አይዶል?»

«ነው እትዬ።»

«ታዲያ ጉብታው ላይ ብለህ ጻፍበታ! ቅጹ ላይ ቦታው ባዶ አይዶል እንዴ?»

«ማኅተም ካረፈበት በኋላ አይነካም።»

«ማኅተሙን የመታው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሕግ አከበርኩ እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ይልቃልን ብጠይቀው ኖሮ «ጻፍበት» ይለኝ እንደነበር ራሱ በኋላ ነገረኝ።

ሐምሌ ላይ ርብ ሞላ። ወራጁና ማገሩ ወደ ጣና ሲወርድ ሁላችንም ጉብታው ላይ ቆመን አየን። ይልቃል መመሪያውን ደጋግሞ አገላበጠ፤ ውሃ ስለወሰደው እንጨት የሚል አንቀጽ አላገኘም።

በሳምንቱ ሌላ ቅጽ መጣ፤ ቤት አልባው አሁን የት እንደተጠለለ ይጠይቃል። ሌላው ሰው ዘመድ ተጠግቷል። እትዬ ወለተ ሐና ዘመድ የላቸውም፤ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል።

«ያየህ ቤት ብለህ ጻፍ» አሉኝና ልጆቹን አስቀድመው ገቡ።

ጻፍኩ። አራት ዓመት አብረውን ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ ስለ እንጨቱ አንስተውብኝ አያውቁም፤ የገደለኝ እሱ ነው።